ቴስተር ካልበራ መብራት የለም ማለት አይደለም

ብዙ ቤት ውስጥ የሚገኘው መፈተሻ ካቻቢቴ የሚመስለው ቴስተር ነው። በውስጡ ትንሽ የኒዮን አምፖልና ከፍተኛ ሬዚስተር አለው። ጫፉ ፌዙን (ኤሌክትሪክ የሚያመጣውን ሽቦ)፣ ጣትዎ ደግሞ ከኋላ ያለውን ብረት ሲነካ፣ በጣም ትንሽ ከረንት በሰውነትዎ አልፎ ኒዮኑን ያበራዋል። ከረንቱን የሚገድበው ያ ሬዚስተር ስለሆነ፣ የተሰነጠቀ ወይም የረጠበ ቴስተር ይጣል። የፊቱን ብረት በጭራሽ አይንኩ።

ኒዮኑ ፀሐይ ላይ አይታይም፤ ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ሲቆሙም ሊደክም ይችላል። ስለዚህ መብራት እንዳለው በሚያውቁት ሶኬት ይሞክሩት፣ ብሬከሩን (የቆጣሪ ሳጥኑን ማጥፊያ) አጥፍተው የሚሠሩበትን ይፈትሹ፣ ከዚያ ተመልሰው የመጀመሪያውን ሶኬት ይንኩ። ይህን የመጨረሻውን ብዙዎች ይዘሉታል፤ ቴስተሩ መሃል ላይ ተበላሽቶ ቢሆን ግን የሚታወቀው በእሱ ብቻ ነው።

በሁለቱም ቀዳዳ ከበራ «ሁለት ፌዝ ገባ» አይበሉ። አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራሉ (ከረንቱ የሚመለስበት ሽቦ) ተበጥሶ፣ ፌዙ በተሰካ ዕቃ በኩል ዞሮ ነው የመጣው። የተሰካውን ሁሉ ነቅለው እንደገና ይፈትሹ።

ለሥራ ግን እኔ የምመርጠው መልቲሜትር (ቮልትን በቁጥር የሚያሳይ መለኪያ) ነው። ወደ ኤሲ ቮልት፣ 600 ወይም 750 ላይ ያዙሩት። ቀዩ ገመድ 10 አምፒር ቀዳዳ ውስጥ እያለ ሶኬት ከነኩ ሾርት ይሆናል። ፌዝና ኒውትራል፣ ፌዝና ግራውንድ (የመሬት ሽቦ)፣ ኒውትራልና ግራውንድ፦ ሦስቱንም ይለኩ። ኒውትራል በተበጠሰበት መስመር የመጀመሪያው ልኬት ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ፌዙ ግን ከግራውንድ ጋር 220 ቮልት እንደያዘ ነው።