ስዋሂሊን ከሰዓት አቆጣጠር ጀምሩት

ታንዛኒያ ወይም ኬንያ ለመሄድ ስዋሂሊ የሚማር ኢትዮጵያዊ ከሰዓት ቢጀምር ይሻለዋል፤ አቆጣጠሩ የእኛው ነውና። "ሳአ ሞጃ አሱቡሂ" ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ "ሳአ ሲታ ምቻና" ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ተኩል "ና ኑሱ"፣ ከሩብ "ና ሮቦ"፣ ሩብ ጉዳይ "ካሶሮ ሮቦ" ይባላል። ፈረንጁ ስድስት ሲደምርና ሲቀንስ እናንተ መልሳችኋል።

ችግሩ ያለው ጽሑፉ ላይ ነው። ስልኩም የእጅ ሰዓቱም የጀልባ ቲኬቱም በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው። ቲኬቱ ላይ 07:00 የሚለውን ሠራተኛው በስዋሂሊ "ሳአ ሞጃ" ብሎ ያነበዋል፤ በእንግሊዝኛ ከጠየቃችሁት ግን "ሰቨን" ይላችኋል። ስለዚህ ቋንቋ ስትቀይሩ ሰዓቱንም ቀይሩ፤ አለዚያ ቀጠሮው በ6 ሰዓት ይዛነፋል። የሰዓት ቀጠናው ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ስለሆነ ስልኩን አትነካኩት።

የቀኑን ክፍል መዝለል ሌላው ስሕተት ነው። "ሳአ ኩሚ" ብቻውን አይበቃም፤ "አልፋጂሪ" ከተጨመረ ሌሊት አሥር፣ "ጂዮኒ" ከተጨመረ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው።

ዕለታትን በግምት አትሙሉ። "ታኖ" አምስት ነው ብላችሁ "ጁማታኖ"ን ሐሙስ እንዳታደርጉት፤ ቆጠራው ከቅዳሜ ስለሚነሣ ረቡዕ ነው። ሐሙስ "አልሃሚሲ" ነው (ይህ ከዐረብኛ ስለመጣ ለእኛ ጆሮ ቀላል ነው)።

የሌሊት ጉዞ ከሆነ "ኡሲኩ ዋ ኩአምኪያ ጁማታቱ" የሚለውን ያዙ፦ እሑድ ለሰኞ አጥቢያ ማለት ነው። ከዚያ ቲኬቱ ላይ ያለውን ቀን አስተያዩ።