ተፋልሞ ማወቅና አይቶ መተንተን

ቦክስ በምንከታተል ሰዎች መካከል ደጋግሞ የሚነሣ ክርክር አለ፤ ጓንት አጥልቆ በሙያ ያልተፋለመ ሰው ፍልሚያን ለመተንተን ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚል ነው። ለብዙ ዓመታት አይበቃም ከሚሉት ወገን ነበርኩ። ዛሬ ግን ክርክሩ ሁለት የተለያዩ ዕውቀቶችን አንድ አድርጎ በማየት የተጀመረ ይመስለኛል።

ሐሳቤን ያስለወጡኝ በወጣትነታቸው ይቦክሱ የነበሩ አንድ የሰፈራችን ሰው ናቸው። በርናርድ ሆፕኪንስና ኦስካር ደ ላ ሆያ እ.ኤ.አ. በ2004 በላስ ቬጋስ ያደረጉትን ግጥሚያ ከቅጂ አብረን ስናይ፣ እሳቸው ውጤቱን አያውቁትም ነበር። በ9ኛው ዙር የሆፕኪንስ ግራ ቡጢ ከደ ላ ሆያ ቀኝ ጎድን ሥር አርፋ ሰውየው ሲወድቅ፣ ጋሼ መዳፋቸውን በገዛ ጉበታቸው ላይ ጫን አድርገው «ይኼ አይነሣም» አሉኝ። ቆጠራው ገና መጀመሩ ነበር። ደ ላ ሆያ በእርግጥም ሳይነሣ አሥር ተቆጥሮበት ተሸነፈ። ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ራሱን ሊስት ይችላል፤ ጉበቱን የተመታ ሰው ግን አእምሮው ንቁ እንደሆነ፣ መነሣት እየፈለገ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ ሰውነቱ እምቢ ይለዋል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ ለአፍታ ዘግይቶ ስለሚመጣም ያልለመደ ተመልካች ሰውየው በየትኛዋ ቡጢ እንደወደቀ ግራ ይገባዋል። ጋሼ ይህንን ያወቁት በንባብ አልነበረም።

ይሁንና ከዚያ በፊት የነበሩትን ስምንት ዙሮች ማን እንደመራ ስጠይቃቸው የነገሩኝ ሁሉ ስለ ሆፕኪንስ ብቻ ነበር። እሳቸውም በዘመናቸው እንደ እርሱ ተረጋግተው፣ ርቀት ጠብቀው ይፋለሙ ስለነበር ዐይናቸው ከእርሱ ላይ አልተነሣም፤ ደ ላ ሆያ ስላሳረፋቸው ፈጣን ቡጢዎች አንድም ቃል አልወጣቸውም። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ተፋላሚ የሚሠለጥነው ፊት ለፊቱ የቆመውን አንድ ሰው እንዲያይ ነው፤ ተንታኝ ደግሞ ሁለቱንም እኩል እያየ፣ ዳኛው ምን እንደሚቆጥር ጭምር ማሰብ አለበት። ይህ በሌላ ልምምድ የሚገኝ ችሎታ ነው።

የኢማኑኤል ስቱዋርድ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይመስለኛል። ስቱዋርድ በአማተርነት እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካን ጎልደን ግላቭስ ውድድር ያሸነፈ ሲሆን ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ግን አልገባም፤ ዕድሜውን ያሳለፈው ዲትሮይት በነበረው ክሮንክ ጂም ሌሎችን በማሠልጠን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ለንደን ውስጥ፣ ብዙም ግምት ያልተሰጠው ኦሊቨር ማኮል የዓለም ሻምፒዮኑን ሌኖክስ ሌዊስን በ2ኛው ዙር በቀኝ ቡጢ ሲጥለው በማኮል ማዕዘን በአሠልጣኝነት የነበረው ስቱዋርድ ነበር፤ የሌዊስን ክፍተት አስቀድሞ አጥንቶ ነበርና። ከዚያ በኋላ ሌዊስ ያደረገው ነገር ለእኔ ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል፤ ድክመቱን ያነበበበትን ያንኑ ሰው አሠልጣኙ አድርጎ ቀጠረው። ስቱዋርድ ኋላ በኤችቢኦ ቴሌቪዥን ተንታኝ ሆኖ ሲቀርብም ያንኑ ዐይን ይዞ ነው የመጣው። በዚያው ጣቢያ ለዓመታት ዙሮችን ነጥብ እየሰጠ ያስረዳን የነበረው ሃሮልድ ሌደርማንም ፋርማሲስትና የቦክስ ዳኛ እንጂ ቡጢኛ አልነበረም።

በሌላ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሬይ ሊዮናርድ ማርቪን ሃግለርን በተከፋፈለ የነጥብ ዳኞች ውሳኔ ሲያሸንፍ፣ ራሱ የቀድሞ ቦክሰኛ የነበረው ዳኛ ሉ ፊሊፖ 115 ለ113 ለሃግለር ሰጥቶ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ ለሊዮናርድ ፈረዱ፤ አንደኛው እንዲያውም 118 ለ110 ብሎ። ሊዮናርድ በየዙሩ ማብቂያ ላይ ቡጢ እያዘነበ ዐይን ይስብ ስለነበር፣ የማውቃቸው የቀድሞ ቦክሰኞች ሁሉ «እነዚያ ቡጢዎች ክብደት አልነበራቸውም» ይላሉ። ይህንን ምስክርነት አከብራለሁ፤ 118 ለ110 የሚለውንም ፈጽሞ ልቀበለው አልችልም። ነገር ግን ንጹሕ ሆና ያረፈች ቡጢ ቀላል ብትሆንም ትቆጠራለችና፣ ግጥሚያውን ደጋግሜ አይቼ በጠባብ ልዩነት ለሊዮናርድ እሰጣለሁ።

ከጋሼ ጋር ዛሬም እሑድ ማለዳ ግጥሚያ እናያለን። ዙሩን ማን ወሰደው ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ፤ ነጥቡን በወረቀት የምይዘው እኔ ነኝ። አንዱ ተፋላሚ በድንገት እጁን ዝቅ ሲያደርግ ወይም አፉን ከፍቶ መተንፈስ ሲጀምር ግን ቴሌቪዥኑን አቆምና «ጋሼ፣ አሁን ምን እየተሰማው ነው?» እላቸዋለሁ።