የታናሽ ልብስ

ዛሬ ከሰዓት ልቤ እንዲሁ ከበደኝ። ይሄ ነው የምለው ምክንያት የለውም። ነሐሴ ስለሆነ ይሆናል። ታቦር ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ደመና ለብሷል፣ መብራት ሄዷል፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፣ አባታቸው ለሥራ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ልጆቹም ቤቱን ዞረው ዞረው ጨርሰውታል። እንዲህ ሲሆንብኝ እጄ ሥራ ይፈልጋል። ዝም ብዬ ከተቀመጥኩ ሐሳብ ይዞኝ ይሄዳል። ስለዚህ የክር ዘንቢሌን ሳብ አድርጌ መስኮቱ ጋ ተቀመጥኩ።

ታውቁኛላችሁ፣ እኔ ያለ ክር አልንቀሳቀስም። ልጆቹን ይዤ ፍቅር ሐይቅ ስወርድ እንኳን መርፌዎቹ ቦርሳዬ ውስጥ ናቸው። እነሱ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች እየተከተሉ ሲሮጡ እኔ ጥላ ፈልጌ አንድ ሁለት መስመር እገፋለሁ። ባጃጅ ውስጥም እሠራለሁ። ሰው «በሀዋሳ ሙቀት ሹራብ ለማን ነው?» ይለኛል። የክረምቱን ጠዋት የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ከተማችን እኮ 1,700 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ናት፣ ደግሞ ሐይቅ ዳር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ፀሐይ ካልወጣች ልጅ በቲሸርት ውላ አትገባም።

ዛሬ ከዘንቢሉ ያወጣሁት የትልቋን የመጀመሪያ ሹራብ ነው። ብርቱካንማውን። እሷን እርጉዝ ሆኜ የጀመርኩት፣ ከተወለደች በኋላ የጨረስኩት፣ ክንዷ ሲረዝም ደግሞ የእጅጌውን ጫፍ ፈትቼ ያስረዘምኩት። ልጅ መጀመሪያ የሚረዝመው ወደታች ነው እንጂ ወደ ጎን ብዙም አይሰፋም፤ ስለዚህ እጅጌና ወገቡ ላይ ከተጨመረበት አንድ ሹራብ ከታሰበው በላይ ዕድሜ አለው። ይኸው ዘንድሮ ግን ለማንም አይሆንም። ሐሳቤ ፈትቼው ለትንሿ ለእንቁጣጣሽ አዲስ ልሠራላት ነበር። የሕፃን ሹራብ ክር ለአምስት ዓመት ልጅ ስለማይበቃ፣ ከልባሽ ጨርቅ ተራ ገዝቼ ከፈታሁት ነጭ ጋር እየቀያየርኩ መስመር መስመር ላደርገው አስቤያለሁ።

ከልባሽ ተራ ሹራብ የምገዛው ለመልበስ አይደለም፣ ለክሩ ነው። ቱባ ክር አዲሱን መግዛት በዚህ ጊዜ ለኪስ ይከብዳል። ግን ሁሉም ሹራብ አይፈታም። መጀመሪያ ገልብጬ ጎኑን አያለሁ። ኦቨርሎክ፣ ማለት የጨርቁን ጫፍ በክር የሚከብበው የማሽን ስፌት፣ የተመታ ከሆነ ጨርቁ ተቆርጦ ነው የተሰፋው፤ ቢፈታ ክሩ በየመስመሩ ተበጣጥሶ ይመጣል፣ ለምንም አይሆን። ጎኑ በቀጭን ክር ተያይዞ የተሰፋ ከሆነ ግን ስፌቱን ተርትሬ፣ ጫፉን ፈልጌ መሳብ ነው። ከዚያ ወንበር መደገፊያ ላይ ጠቅልሎ፣ ሦስት አራት ቦታ ላላ አድርጎ አስሮ፣ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ መስቀል። ሱፍ ከሆነ ሲደርቅ ጥምዝምዙ ይለቀዋል። ሰው ሠራሹ ክር ግን ግትር ነው፣ የድሮ ቅርጹን በቀላሉ አይረሳም።

ይሄን የኦቨርሎኩን ነገር በደንብ ያስረዳችኝ ጊቢያችን የተከራየችው ልጅ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ነው የምትሠራው። ፓርኩ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ እንዲህ ዓይነት ልጆች ሰፈራችንን ሞሉት፤ ከየገጠሩ የመጡ፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት የሚከራዩ። ከዚያ አጎዋ፣ ማለት ልብሱ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበት ዕድል፣ ሲቋረጥ ብዙዎቹ ከሥራ ወጥተው ወደየቤተሰባቸው ሲመለሱ ደግሞ ጊቢያችን ጭር ብሎ ነበር። ይህቺኛዋ ከዚያ በኋላ የመጣች ናት። ሥራዋ ኮሌታ ነው። ኮሌታ ብቻ። እጅጌውን ሌላ ሰው፣ ቁልፉን ሌላ ሰው ይሠራዋል። ከፈረቃ ስትገባ ደክሟት እንኳን ደጄ ላይ ቁጭ ብላ እጄን ታያለች። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እትዬ፣ አንቺ እኮ ታድለሽ። ማን እንደሚለብሰው እያወቅሽ ነው የምትሠሪው።»

ያኔ ደስ ብሎኝ ሳቅኩና አለፍኩት። ዛሬ ግን መጥቶ ያዘኝ።

እንዴት መሰላችሁ። የብርቱካንማውን ጫፍ አንገቱ ላይ እየፈለግኩ ሳለ ትንሿ መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደገፈች። «ማሚ፣ ይሄ የኔ ሊሆን ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ላንቺ ልሠራበት ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እና የኔው የሚጀመረው መቼ ነው?» አለች። ተቆጥታ አይደለም። አልተነጫነጨችም። ልክ ምሳ መቼ ነው እንደማለት ጠይቃኝ መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

እና ተከራይዋ ያለችው ትዝ አለኝ። ማን እንደሚለብሰው እያወቅኩ። እውነት ነው፣ ብርቱካንማውን ስጀምር ማን እንደሚለብሰው አውቅ ነበር። ገና ሳላያትም አውቃት ነበር። እያንዳንዷን መስመር ስሠራ የማስበው ስለ እሷ ነው፤ ዓይኗ የማንን ይመስል ይሆን፣ ሌሊት ታለቅስ ይሆን፣ ምጡን እችለው ይሆን። ትንሿ የምትለብሰው ነገር ሁሉ ግን እሷ በሌለችበት፣ ስለሌላ ልጅ እየታሰበ የተሠራ ነው። ካልሲዋ፣ ኮፍያዋ፣ የታቀፍኩባት ብርድ ልብስ ሳይቀር። እሷን እርጉዝ ሳለሁ ትልቋ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ከኋላዋ ስሮጥ ነው የምውለው። መርፌ የማነሣው ሌሊት ነበር፣ ያውም ለትልቋ። ለመጪዋማ ሁሉም ነገር አለ ተባለ። «ምን ትገዣለሽ፣ የእህቷ አለ አይደል» ያላለኝ ሰው የለም። እኔም ለራሴ እንደዚያው እል ነበር።

ልብስ ብቻ ቢሆን ምንም አይደለም። የኔስ ጊዜ? ትልቋ የመጀመሪያ ጥርሷን ያወጣች ዕለት ለሀገር ሁሉ ስልክ ደውያለሁ። የትንሿን ቀኑን ማስታወስ ሲያቅተኝ አባታቸውን ጠየቅኩት፣ እሱም አያስታውስም። ዝማሬ ይሁን ተረት፣ ማባበያ ይሁን ቁጣ፣ ሁሉንም መጀመሪያ በትልቋ ላይ ሞክሬ፣ ተለማምጄ፣ ያለቀለትን ነው ለትንሿ የማቀርበው። የተሻለውን እናት ያገኘችው እሷ ናት ብሎ የሚከራከረኝ አለ። ይሆናል። ብዙ ነገር አያስደነግጠኝም አሁን። ትኩሳት ሲነሣባት እጄ አይንቀጠቀጥም። ግን ያ ድንጋጤም እኮ አንድ ዓይነት ፍቅር ነበር።

እና ልፈታው ወይስ ልተወው እያልኩ ጫፉን ይዤ ቀረሁ።

ሹራብ ሲፈታ ወደኋላ ነው የሚሄደው። እናቴ ጥጥ ፈትላ፣ ልቃቂቱን ለሸማኔ ሰጥታ የምታሠራው ጋቢ ድርና ማግ አለው፤ አንዱን ክር ብትስበው ይበጠሳል እንጂ ጋቢው አይፈታም። የኔ ሹራብ ግን አንድ ክር ነው፣ ቀለበት በቀለበት ውስጥ የገባ። ከታች ወደላይ ስለሠራሁት መጀመሪያ የሚፈታው አንገቱ ነው፣ ያ ማለት ትልቋ ተወልዳ፣ ደረቴ ላይ ተኝታ፣ በአንድ እጄ እያባበልኩ የጨረስኩት። ከዚያ ደረቱ፣ የመጨረሻዎቹ የእርግዝና ሳምንቶች፣ እግሬ አብጦ ትራስ ላይ ሰቅዬ። መጨረሻ ላይ የሚደረሰው ወገቡ ጋ ነው፣ ገና ለማንም ሳልናገር የጀመርኩት መስመር። እዚያ ደርሼ ስስበው ምንም አይቀርም፣ ክር ብቻ። ታዲያ በዚያ ክር ስጀምርላት የትንሿ ነው የሚሆነው? ለኔ ይሆናል ብዬ ነበር። እሷ ግን ብርቱካኑን ስታየው የእህቷን ፎቶ ነው የምታስታውሰው።

ትልቋ ደግሞ ከወዲያ ሆና ሰምታለች። መጣችና ሹራቡን ከጉልበቴ ላይ አንስታ ደረቷ ላይ ለካችው። እምብርቷ ጋ እንኳን አይደርስም። «ይሄ ውስጥ እገባ ነበር?» አለች። «ትገቢ ነበር» አልኳት። «እና ከፈታሽው እንዴት ይታወቃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ፎቶ አለ ልላት ፈለግኩ፤ እሷ የምትለው ግን ስለ ፎቶ አይደለም።

እኔም ታናሽ ነኝ። ከእህቶቼ የመጨረሻዋ። ዩኒፎርሜ ክርኑ ላይ የተጣፈ ነበር፣ ጫማዬ አውራ ጣቱ ጋ ጥጥ ይጠቀጠቅበት ነበር፣ የመጽሐፌ ሽፋን ላይ የእህቴ ስም ተሰርዞ የኔ ተጽፎበታል። አዲስ ልብስ እንዴት እመኝ እንደነበር የሚያውቀው ፈጣሪ ነው። ከዚያ አንድ የገና ዋዜማ እማዬ ለኔ ብቻ አዲስ ቀሚስ ገዛችልኝ። ውኃ ሰማያዊ፣ ኮሌታው ነጭ። መቼም የዚያን ዕለት ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጠዋት ለብሼ ገብርኤል ስንሄድ በየሱቁ መስታወት ራሴን አይ ነበር።

ማታ ላይ ግን አንድ ነገር ጎደለኝ። የድሮ ልብሶቼ ሁሉ ወሬ ነበራቸው። እህቴ አንዱን ስታወርሰኝ «ይሄን ለብሼ ነው ከዘይቱን ዛፍ የወደቅኩት፣ እየው እዚህ ጋ የተሰፋው» ትለኛለች። ሌላውን «ይሄን ለብሼ ነው አንደኛ የወጣሁት» ትላለች። ልብሱን ስለብስ እሷ የዋለችበት ሁሉ የኔም የሆነ ይመስለኝ ነበር፣ ትንሽ ትልቅ እሆን ነበር። አዲሱ ቀሚስ ግን ምንም ወሬ የለውም። ብቻውን መጣ። እህቴ ዳስሳው «ያምራል» ብላ ሄደች፣ ሌላ የምትለው አልነበራትም። ያኔ አኩርፌ እንደተኛሁ ትዝ ይለኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን ለማንም አልተናገርኩም፣ ምን ብዬ እናገራለሁ?

ስለዚህ ይኸው ቆሜያለሁ። ብፈታው የትልቋ ሕፃንነት አብሮ የሚፈታ ይመስለኛል፣ ለትንሿም ወሬ የሌለው ክር ብቻ ነው የሚደርሳት። እንዳለ ባስቀምጠው ማንም የማይለብሰው ነገር ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፣ ያውም ክር በተወደደበት ዘመን፣ በዓሉም ደርሷል፣ ዶሮና ቅቤው ገና አልተገዛም። ከዜሮ አዲስ ብጀምርላት ደግሞ ጥያቄዋ ይመለሳል፣ ለሷ የተጀመረ ነገር ይኖራታል። ግን በአምስት ዓመቷ የሚጀመርላት ሹራብና ገና ሳትወለድ የሚጀመር ሹራብ አንድ ነው ወይ? ያ ጊዜ እንደሆነ አልፏል፣ በመርፌ አይመለስም።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን ምን እንደምትፈልግ አለማወቄ ነው። «የኔው መቼ ነው የሚጀመረው» ስትለኝ ስለ ሹራብ ብቻ ነው ብዬ ልለፈው? ልጅ ናት፣ ይሆናል። ከዚህ በፊትም እኮ «የኔ ወንበር»፣ «የኔ ኩባያ» ትላለች። ወይስ እህቷ የሌለችበት አንድ ቀን ነው የምትፈልገው፣ እኔና እሷ ብቻ፣ አሞራ ገደል ወርደን ዓሣ በልተን የምንመለስበት? ብወስዳትስ፣ እንደኔ ቀሚስ ማታ ላይ አንድ ነገር ጎድሎባት እህቷን ብትናፍቅስ?

ታናሽ ሆናችሁ ያደጋችሁ፣ እስቲ ንገሩኝ። አዲስ ነገር ስትመኙ በእርግጥ የምትፈልጉት ምን ነበር?