የቴራሱ በርና 22 ሴንቲ

አርኪቴክት ነኝ። ዲዛይን ደስ ይለኛል። እንቅልፍ የሚያሳጣኝ ዲቴይል ነው። ጣራው ከግድግዳው፣ መስኮቱ ከልስኑ፣ ቴራሱ ከበሩ የሚገናኝበትን እየቆረጡ በትልቁ መሳል። እውነቱን እናውራ ከተባለ አብዛኞቻችን ከድሮ ፕሮጀክት ኮፒ እናደርጋለን። እኔም።

አያት አካባቢ ለሚሠራ አንድ ጂ+2 መኖሪያ ቤት ግን ኮፒውን ትቼ ኤአይ ልሞክር አልኩ። በጽሑፍ የማወራው አንድ ረዳት ነበረኝ። እሱ የሚጽፍልኝን ትንንሽ ፕሮግራም ደግሞ በፓይሬቪት አድርጌ ሬቪት በሚባለው የሕንፃ መሳያ ሶፍትዌር ላይ አስኬዳለሁ፤ ፓይሬቪት የሬቪት ተጨማሪ ነው፣ ነጻ ነው። ስለ ፕሮግራሞቹ ብዙ አልልም። ዲቴይሎቹን ቁጥር ሰጡ፣ የእያንዳንዱን ንጣፍ ስምና ውፍረት ጻፉ፣ ሺት ላይ ደረደሩ። ሁለት ቀን የሚበላኝ ሥራ በግማሽ ቀን አለቀ። ጉዱ ያለው ረዳቱ ጋ ነው።

መጀመሪያ የውጭ ግድግዳ ጠየቅኩት። ወፍራም የሙቀት መከላከያ፣ ከውስጥ በኩል ደግሞ እንፋሎት የማያሳልፍ ላስቲክ ያለበት ግድግዳ ሰጠኝ። ሥዕሉ ያምራል። ግን የበረዶ አገር ግድግዳ ነው። እዚያ ቤቱ በማሞቂያ ይሞቃል፤ እርጥበት ያዘለው የውስጥ አየር ወደ ውጭ ሲያመልጥ ግድግዳው ውስጥ ቀዝቃዛ ቦታ ያገኝና እርጥበቱ ውሃ ይሆናል። ላስቲኩ የሚለጠፈው ለዚያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚያሞቅ ማን አለ? ባለ 20 ብሎኬት ሁለት ፊቱን ተለስኖ እርጥበቱን በራሱ ጊዜ ይተፋል። የኛ ጣጣ ሌላ ነው፦ የክረምቱ ዝናብ፣ ከዚያ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው ፀሐይ፣ ያልተሸፈነ ሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፈውን ንጣፍ) የሚሰነጣጥቀው። ይህን ስነግረው ወዲያው «ልክ ነህ» ብሎ አስተካከለ። ቶሎ መስማማቱ ትንሽ ሊያሳስበኝ ይገባ ነበር።

ለሳይቱ በአማርኛ ማስታወሻ እንዲጽፍም አዘዝኩት። ፍላሺንግን፣ ውሃ በመገጣጠሚያ እንዳይገባ የሚደረገውን ቆርቆሮ፣ «ብልጭታ» ብሎ ተረጎመው። ሳላነብ ፕሪንት አድርጌ ላክሁ። ፎርማኑ ደወለልኝ፦ «ኢንጂነር፣ ኮፒንጉ ሥር ብልጭታ ይግባ ይላል። ኤሌክትሪሻን ልጥራ?»

አሁን ወደ ቴራሱ። ሁለት ዲቴይል በሁለት የተለያየ ቀን አሠራሁ፤ አንዱ የፓራፔቱ (የቴራሱ ዳር አጭር ግድግዳ)፣ አንዱ የበሩ። የፓራፔቱ ላይ ውሃ ማፍሰሻው አለ። እዚያ ስክሪዱ (ተዳፋቱን የሚሰጠው የሲሚንቶ ንጣፍ) 4 ሴንቲ ነው፣ ከዚያ ወደ በሩ በ2 በመቶ እየጨመረ ይሄዳል። የበሩ ላይም ስክሪዱ 4 ሴንቲ ነው፤ በላዩ ሜምብሬን፣ መከላከያ ሞርታርና ሴራሚክ 6 ሴንቲ፣ በድምሩ 10። የበሩ ደፍ ከሶሌታው (ከኮንክሪት ወለሉ) 18 ሴንቲ ከፍ ይላል። ስለዚህ ደፉ ከሴራሚኩ በ8 ሴንቲ ይበልጣል። ሁለቱም ለየብቻ ሲታዩ እንከን የላቸውም። እኔም አየሁ፣ ፈረምኩ።

ፎርማኑ ግን ወረቀት ላይ አያምንም። ከፍታ ለማመሳከር ውሃ የሞላ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ አመጣ። አንዱን ጫፍ ማፍሰሻው ጋ ልጁ ያዘለት፣ ሌላውን እሱ በሩ ጋ ይዞ ቆመ። ውሃው ሲረጋ በጆሮው የሰካውን እርሳስ አውጥቶ ብሎኬቱ ላይ አሰመረ። ከማፍሰሻው እስከ በሩ 6 ሜትር ነው። በ2 በመቶ 12 ሴንቲ ይወጣል። 4 ሲደመር 12፣ ሲደመር 6፤ 22። መስመሩ ካሰብነው ደፍ በ4 ሴንቲ በልጦ ቁጭ አለ።

«ኢንጂነር፣ ይሄን በር ዋና ልናስተምረው ነው እንዴ?»

ዝም አልኩ። ምን እላለሁ? ረዳቱ 6 ሜትሯን አያውቅም፤ አልነገርኩትም። እኔ ግን አውቃለሁ፣ ፕላኑን የሳልኩት እኔ ነኝ። ሶሌታው ደግሞ ተሞልቶ አልቋል።

ማታ ቤት ገብቼ በሌላ መንገድ ጠየቅኩት። ሳልልኝ አላልኩትም። የቴራሱን ልክ፣ የማፍሰሻውን ቦታ፣ የእያንዳንዱን ንጣፍ ውፍረት፣ የደፉን ከፍታ በአንድ ላይ ጻፍኩና «በሩ ጋ አንድ ጠብታ ወደቀች፤ እስክትወጣ ድረስ ተከተላት» አልኩት። 22ቷን ወዲያው አገኛት። ከዚያ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ፦ ሳይቱ ላይ ማን ቀድሞ ይገባል፣ የአሉሚኒየሙ ሰው ወይስ የሜምብሬኑ? የሥራ መርሐ ግብራችን ላይ አሉሚኒየሙ ነበር የሚቀድመው። ፍሬሙ ቀድሞ ከተተከለ ሜምብሬኑ ከሥሩ ማለፍ አይችልም፤ ፊቱ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ሁለት ክረምት ቢቆይ ነው። ይህቺን ፎርማኑም አልያዛትም፣ እኔም። ተራቸውን አቀያየርን።

ማፍሰሻዎቹን ከፓራፔቱ ወደ ቴራሱ መሃል አመጣናቸው። መንገዱ 3 ሜትር ሆነ፣ ተዳፋቱን ወደ 1.5 በመቶ ዝቅ አደረግን፣ በሩ ጋ ያለው ከፍታ 14.5 ሴንቲ ላይ ቆመ። ደፉ ከሴራሚኩ 15 ሴንቲ እንዲበልጥ ፈልጌ ነበር፣ አልሆነም። 10 ላይ ተስማማን፣ ለዚያም ደፉን ከ18 ወደ 24.5 ሴንቲ ከፍ አደረግንና ከበሩ በላይ ትንሽ መከለያ ጨመርን።

አሁን ኤአይ ዲቴይል እንዲስልልኝ የምጠይቀው ከስንት አንዴ ነው። የሳልኩትን ሰጥቼ እንዲያፋጥጠኝ አደርጋለሁ፦ ውሃው በየት ይወጣል፣ ማን ይቀድማል፣ ይሄ ንጣፍ ከዚያኛው ጋር የት ይገናኛል። ሁለት ዲቴይል ከተገናኙ ደግሞ በአንድ ንግግር ውስጥ ነው የማስገባቸው።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ማፍሰሻዎቹን ደፍነን ቴራሱን ለ48 ሰዓት ውሃ ሞላነው። ፎርማኑ ታች ወርዶ ጣሪያውን በመዳፉ እየዳበሰ ዞረ። ደረቅ ነበር። የቀረችው ደፏ ናት። ከውስጥ ሲለካ 16 ሴንቲ ተኩል፣ አንድ የደረጃ እርምጃ ማለት ነው። የባለቤቱ እናት ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከእንጨት ትንሽ መርገጫ አሠራንላቸው፤ ባለቤቱ ግን ባገኙኝ ቁጥር ስለ ደፏ ሳያነሱ አያልፉም።