ሳያስቡ መግደል፦ የሚኒሶታ ሕግና የእኛ

ሊገድል ያላሰበ ሰው የሰው ሕይወት ቢያጠፋ ሕግ ምን ብሎ ይጠራዋል? ምን ያህልስ ይቀጣዋል? ጆርጅ ፍሎይድ ግንቦት 17 ቀን 2012 ዓ.ም. በሚኒያፖሊስ ከተማ በፖሊስ ጉልበት ሥር ሆኖ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ የፖሊሱን የዴሪክ ሾቪንን ፍርድ እዚህ ጎንደርም ሆነን ስንከታተል፣ የዋናው ክስ ስያሜ ብዙዎቻችንን ግራ አጋብቶ ነበር፤ ክሱ «ያለ መግደል ሐሳብ የተፈጸመ የሁለተኛ ደረጃ ግድያ» የሚል ነበርና።

በአሜሪካ እንዲህ ያለውን ወንጀል በአብዛኛው የሚደነግገው የየግዛቱ ሕግ ነው። በርካታ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒሶታ፣ አንድ ሰው ሌላ ከባድ ወንጀል ሲፈጽም ወይም ሊፈጽም ሲሞክር፣ ለመግደል ባያስብም እንኳ ሰው ከሞተበት ነፍሰ ገዳይ ትለዋለች፤ ቅጣቱም እስከ 40 ዓመት እስራት ይደርሳል። ዐቃቤ ሕጉ ተከሳሹ ሞቱን ፈልጎ ነበር ብሎ ማስረዳት አይጠበቅበትም፤ መነሻ የሆነውን ወንጀል ሆን ብሎ መፈጸሙን፣ ሞቱም በዚያ ምክንያት መድረሱን ካሳየ ይበቃዋል። በሾቪን ጉዳይ መነሻው የአካል ጥቃት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. በዚህ ክስ ብቻ ሳይሆን እስከ 25 ዓመት በሚያስቀጣው የሦስተኛ ደረጃ ግድያና እስከ 10 ዓመት በሚያስቀጣው ከባድ ቸልተኝነትም ጥፋተኛ ተብሏል። የግዛቱ የቅጣት መመሪያ የቀድሞ ጥፋት ለሌለበት ሰው 12 ዓመት ተኩል የሚያመለክት ቢሆንም፣ ዳኛው ሥልጣንን ያለአግባብ መጠቀሙንና የፈጸመውን ጭካኔ በማክበጃነት ይዘው 22 ዓመት ተኩል ፈርደውበታል። ሁሉም ግዛቶች ግን በዚህ አይስማሙም፤ የሚሺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን መርህ በ1980 እ.ኤ.አ. ሽሮታል።

የእኛ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ መንገዱ ሌላ ነው፤ በእኔ እምነትም የተሻለው እርሱ ነው። አንቀጽ 58 ማንም ሰው ካወቀውና ካሰበው፣ ወይም ይደርሳል ብሎ ከተቀበለው ውጤት በላይ አስቦ እንዳደረገ ተቆጥሮ ሊፈረድበት እንደማይችል ይደነግጋል። ካሰበው በላይ ለደረሰው ውጤት የሚጠየቀው ቸልተኛ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው። አዘዞ ላይ ሁለት ጎረምሶች ተጣልተው አንዱ ሌላውን ገፍትሮ ሲጥለው የወደቀው ልጅ ጭንቅላቱ ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ሞተ እንበል። የገፈተረው ልጅ ጉዳት ማድረስን እንጂ መግደልን ካላሰበ፣ ስለ ሞቱ የሚጠየቀው በቸልተኝነት ነው። በሽመል ደጋግሞ አናቱን ከመታው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ «መግደል አልፈለግሁም» ቢልም፣ ሊሞት እንደሚችል እያወቀ የመጣው ይምጣ ብሎ መምታቱ ከተረጋገጠ ሕጉ አስቦ እንደገደለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ምን እንደያዘ፣ የትኛውን የአካል ክፍል እንደመታና ስንቴ እንደመታ መመርመር ግድ ይላል።

ይህ ልዩነት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 19 እንጨት ሲቆርጥ የመጥረቢያው ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን የገደለበትን ሰው ከደም ተበቃይ የሚያድን መማጸኛ ከተማ ያዝዝለታል። እዚሁ ከተማችን ውስጥ እጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈርም በነገሥታቱ ዘመን የተሳደደ ሰው የሚማጸንበት ነበር።

ይሁንና የእኛ ሕግ የቅጣት ልክ ላይ ቅሬታ አለኝ። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት፣ ወይም ከ2,000 እስከ 4,000 ብር መቀጮ ይቀጣዋል። «ወይም» በማለቱ አንድ ሕይወት በመቀጮ ብቻ ሊታለፍ ይችላል፤ የብሩም መጠን ዛሬ ለለቅሶ ቤት ንፍሮ እንኳ አይበቃም። ሕይወትን የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ያለባቸው እንደ ሐኪምና ሾፌር ያሉት ላይ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራትና መቀጮ አብሮ ይመጣል። ሟቾቹ ሁለትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብን ሆን ብሎ ሲጥስ፣ ወይም በመጠጥና በመሳሰለው ራሱን ሲያስት ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ከልክ በላይ ጭኖ የሚነዳ ሾፌር ይህን የመጨረሻውን ንዑስ አንቀጽ አውቆት ቢነሳ እወድ ነበር።

ሌላው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበት ሽምግልና ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ካሳ ተከፍሎ፣ ደም ከደረቀ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ የሚመስላቸው አሉ። በቸልተኝነት መግደል በግል አቤቱታ የሚያስቀጣ ወንጀል ስላልሆነ፣ እርቁ ክሱን አያስቀርም። ሆኖም ከንቱ አይደለም፤ አንቀጽ 82 ከልብ መጸጸትንና የደረሰውን ጉዳት በተቻለ መጠን መካስን ከቅጣት ማቅለያዎች ይቆጥራል። ስለዚህ የእርቁ ስምምነት በጽሑፍ ይስፈር፤ ሽማግሌዎቹና የሟች ቤተሰብ ይፈርሙበት፤ ተከሳሹም የቅጣት አስተያየት ሲጠየቅ ለፍርድ ቤቱ ያቅርበው።