እማዬ፣ ዛሬ እራት እኔ ጋ ነው

መስቀል ሲደርስ አገር ቤት ሜዳው አረንጓዴ ነው። አደይ አበባው ፈክቷል፣ መሬቱ ገና የክረምቱን ውኃ ጠጥቶ አልጨረሰም። እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ግን በዚያው ሳምንት ኮረብታው ሁሉ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ደህና ዝናብ ካየ ወራት አልፎታል። ደመራው በርቶ፣ ተዘምሮ፣ ወደየቤታችን ስንበተን እኔ ስልኬን አውጥቼ የማየው የነፋሱን ትንበያ ነው።

ያ ነፋስ እዚህ ስም አለው፤ ዲያብሎ ይሉታል። ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከመሀል አገር ወደ ውቅያኖሱ ይነፍሳል። ደረቅ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ይብስበታል። በሌላ ጊዜ ሲመሽ አየሩ ትንሽ ይረጥባል፣ ሣሩም ይለሰልሳል። ዲያብሎ በሚነፍስበት ሌሊት ግን ኮረብታው አናት ላይ እርጥበት የሚባል ነገር የለም።

እህቴ ከባሏና ከልጆቿ ጋር እዚያው ኮረብታ ላይ ትኖራለች። እናታችንም ከእነሱ ጋር ናት። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ ነው። ሁለት መኪና ከተገናኘ አንዱ ጥጉን ይዞ ሌላውን ያሳልፋል። ባሕረ ሰላጤውን ቁልቁል እያዩ ቡና መጠጣት ደስ ይላል፣ አልክድም። ግን ያንን መንገድ በወጣሁ ቁጥር የ1991 (እ.ኤ.አ.) እሳት ትዝ ይለኛል። እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፤ ታሪኩን ግን እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ቅዳሜ የተነሳ የሣር እሳት ጠፍቷል ተብሎ ነበር። በማግስቱ፣ እሑድ ኦክቶበር 20 ረፋድ ላይ፣ ነፋሱ ሲነሳ ፍሙ እንደገና ተቀጣጠለ። 25 ሰው ሞተ። ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ መኖሪያ ቤት ተቃጠለ። ከሞቱት በርካቶቹ ለመውጣት ሲሞክሩ ጠባብ መንገድ ላይ መኪና ተጨናንቆባቸው የቀሩ ናቸው።

ስለዚህ የቤተሰባችን ደንብ እንዲህ ነው። ሬድ ፍላግ፣ ማለትም የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያ፣ ወጥቶ ነፋሱ ብርቱ ይሆናል በተባለ ቀን፣ ጭስ ሳይታይ፣ ማንም ውጡ ሳይል፣ እማዬና ልጆቹ ሜዳው ላይ ወዳለው የእኔ አፓርታማ መጥተው ያድራሉ። ከራሴ ያመጣሁት ሐሳብ አይደለም። ጎረቤታችን የበርክሌይ ከተማ እሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የአየሩ ሁኔታ እጅግ አደገኛ በሚሆንበት ቀን የኮረብታው ነዋሪዎች እሳት ሳይነሳ በፊት ወጥተው ሌላ ቦታ እንዲያድሩ ይመክራል።

ይህን ለእማዬ ማስረዳት ግን ጊዜ ወስዷል።

«እሳቱ የታለ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ እሳትማ የለም። ነፋስ ነው ያለው።»

«ታዲያ ነፋስ ፈርቶ ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው የት አይተሃል?»

አልፈርድባትም። እሷ ያደገችው ደባርቅ አካባቢ ነው። እዚያ እሳት ተነሳ ሲባል እሪ ይባላል። እሪታውን የሰማ ሁሉ ቅጠል ቆርጦ፣ ውኃ ተሸክሞ፣ ወደ እሳቱ ነው የሚሮጠው። የጎረቤቱ ቤት ሲነድ የሚሸሽ ሰው በማኅበር፣ በዕድር ፊቱን እንዴት አድርጎ ያሳያል? በ2011 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የሰሜን ተራሮች የጓሳ ሣርና የአስታ ዛፍ ሲቃጠል ያገሬው ሰው ገደሉን ወጥቶ በቅርንጫፍ እየመታ ሲታገል ነበር። የእስራኤል ባለሙያዎችና ከኬንያ የመጣው ሄሊኮፕተር የደረሱት በኋላ ነው። እማዬ ይህን ስታወራ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት አለ። እኔም እኮራለሁ።

የዚህ አገር እሳት ግን በቅርንጫፍ አይመታም። ነፋሱ ፍንጣሪውን ተሸክሞ ከነበልባሉ ብዙ ቀድሞ ይጥለዋል። ፍንጣሪው አሸንዳ ውስጥ የተከማቸ ደረቅ ቅጠል ያገኛል፤ ወይም በጣሪያው ሥር ባለው የአየር መተላለፊያ ይገባና ቤቱን ከውስጥ ያነደዋል። እሳቱን ከፊት ስትጠብቁት ከኋላችሁ ይነሳል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ከእኛ በስተሰሜን ካሊስቶጋ ከተማ አጠገብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ የተነሳው እሳት በዚያው ሌሊት ሳንታ ሮዛ ገባ። ሰፊውን 101 አውራ ጎዳና ተሻግሮ ኮፊ ፓርክን አወደመ። ኮፊ ፓርክ ደግሞ ጫካ ውስጥ ያለ ሰፈር አይደለም፤ ሜዳ ላይ ነው። በ2018 ፓራዳይዝ በምትባል ከተማ በእሳት የሞተው 85 ሰው ነው። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ።

እማዬን ያሳመናት ግን ሎስ አንጀለስ አጠገብ ያለችው የአልታዲና ወሬ ነው። ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 አመሻሽ ላይ እሳቱ ተነሳ። ከሌክ ጎዳና በስተምዕራብ ላሉት ሰፈሮች ውጡ የሚለው ትዕዛዝ የወጣው ሌሊት 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። 19 ሰው ሞቷል፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም በዚያ በኩል የነበሩ ናቸው። ዜናውን ስተረጉምላት ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔንም እንዲህ ሌሊት ልትቀሰቅሱኝ ነበር?» አለች። ጉልበቷን ታውቀዋለች። ደረጃውን ለመውረድ ብቻ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅባት ታውቃለች።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ዓይነት መልእክት ይመጣል። አንዱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ አደጋ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ ማለት ነው። ሁለተኛው ትዕዛዝ ነው፤ አሁኑኑ ውጡ። ብዙ ሰው የመጀመሪያው ሲመጣ ቁጭ ብሎ ሁለተኛውን ይጠብቃል። ማስጠንቀቂያው ላይ ግን አንድ ነገር በግልጽ ተጽፏል፦ ለመውጣት ተጨማሪ ጊዜ የሚፈጅበት፣ እንስሳ ያለው ሰው አሁን ይውጣ ይላል። እናት ያለበት ቤት፣ ሕፃን ያለበት ቤት ከዚህ ውስጥ ነው። ለእናንተ ማስጠንቀቂያው ራሱ ትዕዛዝ ነው ብላችሁ ያዙት።

አንድ ነገር ደግሞ እጃችሁን አስነክታችሁ ተለማመዱ። የጋራዡን በር። በነፋስ ቀን የኤሌክትሪክ ኩባንያው ራሱ ለጥንቃቄ መስመር ያቋርጣል። መብራት ሄደ ማለት በሩ በሪሞት አይከፈትም ማለት ነው። ከ2019 ወዲህ አዲስ የሚገጠመው ሞተር ባትሪ እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል፤ የድሮው ግን የለውም። ቀና ብላችሁ ስታዩ ከሞተሩ ሐዲድ ላይ የተንጠለጠለ ቀይ ገመድ አለ። እሱን ቁልቁል ስትጎትቱት ቋ ብሎ ይላቀቃል፤ ከዚያ በሩን በእጅ ማንሳት ነው። ከባድ ነው። እህቴ ስትሞክረው የመጀመሪያ ቀን አልተነሳላትም፤ ሁለቱን ክንዶቿን ሥሩ አስገብታ በጉልበቷ ስትገፋ ነው የተነሳው። አሁን በነፋስ ሳምንት መኪናው ጭራሽ ጋራዥ አይገባም። ውጭ፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያድራል። ቤንዚኑም ከግማሽ አይወርድም።

ሻንጣው ውስጥ የእማዬ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት፣ ትርፍ መነጽር፣ ፓስፖርቶች፣ የዜግነት ወረቀት፣ ቢጫ ካርድ አለ። ሁሉም ፎቶ ተነስቶ ስልክ ውስጥም ተቀምጧል። ልብስ ላይ ጥጥ ይመረጣል፤ ናይሎን ነገር እሳት ሲነካው ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ነጠላዋ ጥጥ ስለሆነ ከእሷ ጋር ክርክር የለንም። ጀበናዋን ግን ራሷ በፎጣ ጠቅልላ ነው የምትይዘው፣ ለማንም አትሰጥም።

ጎረቤቷ ብቻዋን የምትኖር አሜሪካዊት ባልቴት ናት። መኪና መንዳት አቁማለች። እማዬ «እሷን ትቼ አልሄድም» ብላ ቁርጡን ነገረችን። እሷ አገር እሪ ሲባል ጎረቤት አይተውማ። ስለዚህ አሁን ጠዋት ሬድ ፍላግ ሲወጣ እህቴ መጀመሪያ የምታንኳኳው የባልቴቷን በር ነው። ሴትየዋ ልጇ ጋ ደውላ ከሰዓት በፊት መጥቶ ይወስዳታል። ልጇ ካልተመቸው ከእማዬ ጋር ከኋላ ወንበር ትቀመጣለች። ሁለቱ የጋራ ቋንቋ የላቸውም፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚወርዱት።

እስካሁን የእህቴ ቤት አልተቃጠለም። ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈን፣ ልጆቹ እየተጋፉ አድረው በማግስቱ ይመለሳሉ። «በከንቱ ለፋን» ያለ የለም። አንድ አዳር ምን ይጎዳል? ለእማዬም «ቤት ልቀቂ» አልላትም። ደውዬ «እማዬ፣ ዛሬ እራት እኔ ጋ ነው» እላታለሁ። ልጇ እራት ሲጠራት እምቢ አትልም።

ወላጆቻችሁን ለጥየቃ ያመጣችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። የእማዬ ስልክ ለቫይበርና ለቴሌግራም እንጂ ለሌላ አይከፈትም ነበር። እንደ ሳይረን የሚጮኸው መልእክት ሲመጣ በእንግሊዝኛ ነው፤ እሷ ማስታወቂያ መስሏት ትዘጋው ነበር። አሁን ያንን ድምፅ ለይታ ታውቀዋለች። ሲጮህ ወዲያው ለእኔ ትደውላለች፣ እኔ ካላነሳሁ ለእህቴ። ኦክላንድ ባለበት በአላሜዳ ካውንቲ ያላችሁ፣ ኤሲ አለርት በሚባለው የካውንቲው የአደጋ መልእክት መላኪያ ላይ ስልካችሁን አስመዝግቡ። የወላጆቻችሁን ቤት አድራሻም የእናንተ ስልክ ላይ ጨምሩት፣ መልእክቱ ለሚያነበው ሰው ይድረስ። ዋች ዱቲ የሚባለውንም መተግበሪያ ጫኑ፤ እሳቱ የት እንደደረሰ በካርታ ያሳያል።

ሜዳ ላይ የምትኖሩ፣ ኮረብታ ላይ ዘመድ ያላችሁ፣ ነፋሱ ሳይመጣ በፊት ደውላችሁ ፍራሽ አለኝ በሏቸው። ሰው ለምን እንደማይወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ማንን ላስቸግር ብሎ ነው።