በእረፍት ሰዓት የመጣ ጥያቄ

የምሠራው በሸራ ጀልባ ረጅም ጉዞ የሚያደርጉ ሰዎች ባቋቋሙት ማኅበር ውስጥ ነው። ባሕሩ ለጉዞ በማይመችባቸው ወራት አባላቱ ምሽት ላይ ይሰበሰባሉ። ሩቅ የሄደ ሰው ተጋብዞ ያየውን ይናገራል፤ ከዚያ ተሰብሳቢው እየተጨዋወተ ያመሻል። ተናጋሪ መጋበዙ፣ አዳራሽ ማሰናዳቱና አዲስ የመጣውን ከነባሩ ጋር ማስተዋወቁ የእኔ ድርሻ ነው።

የዚያን ምሽት ርዕስ አትላንቲክን ማቋረጥ ነበር፤ አዳራሹም ጢም ብሏል። ተናጋሪው ዕድሜያቸውን በባሕር ላይ ያሳለፉ ካፒቴን ናቸው። ከካናሪ ደሴቶች እስከ ካሪቢያን ያለውን 2,700 የባሕር ማይል ገደማ መንገድ በካርታ እያሳዩ አስረዱን። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ስለሆነ ብዙዎች እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሲነሡም በቀጥታ ወደ ምዕራብ አይጓዙም፤ ከሰሜን ምሥራቅ ሳያቋርጥ የሚነፍሰውን ነፋስ ለማግኘት መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ኬፕ ቨርዴ አቅጣጫ ይወርዳሉ። ሰው ሁሉ በተመስጦ ያዳምጥ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ግን አንዲት ጎልማሳ ሴት ወደ ካፒቴኑ ጠጋ አለች።

«ካፒቴን፣ የነገሩን ሁሉ ልብ ይማርካል። እኛ የምንጓዘው ባልና ሚስት ብቻ ሆነን ነው። እሱ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ እኔ ምን አደርጋለሁ?»

ባለቤቷ ሳቅ ብሎ «ኧረ እኔ አልወድቅም» አለ። ካፒቴኑ አልሳቁም።

«ሬዲዮውን ከፍተው ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ሞተሩንስ?»

«የሚያስነሣው እሱ ነው።»

አጠገባችን የቆሙት ሰዎች ጨዋታቸውን አቋረጡ። አንድ ወጣት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እሱም በሚስቱ ጀልባ ላይ ያው እንግዳ እንደሆነ ተናገረ። ሌላዋም «እኔም» አለች። አንዳቸውም ይህን በአዳራሹ ውስጥ እጅ አውጥተው ባልተናገሩት ነበር። ስለ መልሕቅ ማረፊያና ስለ ነፋስ መጠየቅ አያሳፍርም፤ ለዓመታት በተጓዙበት ጀልባ ላይ ሬዲዮ መክፈት አለመቻልን በሰው ፊት መናገር ግን ከባድ ነው።

ካፒቴኑ የቀረውን ፎቶግራፍ ተዉት። ወንበሮቹን በጀልባ ቅርጽ እንድንደረድርላቸው ጠየቁ፤ ሴትየዋን መሪው ጋ አስቀመጡ፤ ባለቤቷን ወደ አዳራሹ ጥግ ላኩትና «ወደቀ!» ብለው ጮኹ። እሷ ወዲያው ሬዲዮው አለ ወደተባለበት ቦታ ሮጠች።

«ቆይ» አሏት። «መጀመሪያ ዓይንሽ እሱ ላይ ይሁን። ተንሳፋፊውን ወርውሪለት፤ ጂፒኤሱ ላይ ሰው የወደቀበትን ቦታ የሚመዘግበውን ቁልፍ ተጫኚ፤ ጀልባውን አቁሚ።» (ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» መሻገራቸውን ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው፤ እንደ ልጃቸው ነበር የሚያስተምሯት።) በ6 ኖት (በሰዓት 6 የባሕር ማይል) የሚጓዝ ጀልባ በየሰከንዱ 3 ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአንድ ደቂቃ 185 ሜትር መሆኑ ነው። በማዕበል መካከል ከዚያ ርቀት ላይ የሰው ራስ ለማየት እጅግ ያስቸግራል። ጀልባው ላይ ብቻውን የቀረ ሰው ደግሞ የሚጠቁምለት ሌላ ዓይን የለውም። ስለዚህ የፊተኛውን ሸራ ገመድ ሳይለቅ ወዲያው የጀልባውን አፍንጫ በነፋሱ በኩል ያዞራል፤ ነፋሱም ሸራውን በተቃራኒው ሞልቶ ጀልባውን ያስታግሰዋል።

ከዚያ ወደ ሬዲዮው መጡ። ለመለማመጃ የሚሆን፣ ኃይል ያልተሰጠው አሮጌ ሬዲዮ ከመጋዘን አመጣሁ። ክዳኑን ገልጦ ቀዩን የአደጋ ጥሪ ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ ነው። ሬዲዮው ከጂፒኤስ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ ጀልባው ያለበትን ቦታ ጭምር በቻናል 70 ይልካል። ቀጥሎ በቻናል 16 በድምፅ መናገር ነው፤ «ሜይዴይ» የሚለው የድረሱልን ጥሪ ሦስት ጊዜ፣ የጀልባው ስም፣ ያለበት ቦታ፣ የደረሰው አደጋ፣ በጀልባው ላይ ያለው ሰው ብዛት። መጀመሪያ ድምፅዋ አይሰማም ነበር። ደጋግማ ስትለው ግን አዳራሹ ዳር ድረስ ተሰማ፤ ሌሎችም ተራ ያዙ።

ሞተር ከማስነሣቷ በፊት ውሃው ውስጥ የተንጠለጠለ ገመድ አለመኖሩን ማየት እንዳለባትም ነገሯት፤ ገመድ ውልብልቢቱ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩ ይቆማልና። ስለ ቀዝቃዛ ውሃም አነሡ። በመጀመሪያው 1 ደቂቃ ሰውየው ትንፋሹን ለመቆጣጠር ይታገላል፤ ቀጥሎ ባሉት 10 ደቂቃዎች ገደማ እጁና እግሩ ይታዘዙታል፤ ራሱን ለመሳት ግን 1 ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። ያ 10 ደቂቃ ካለፈ የወረወሩለትን ገመድ እንኳ መያዝ ያቅተዋል።

ሁሉንም ያስደነገጠው ግን የመጨረሻው ነው። ባለቤቷ ወለሉ ላይ ተኛ፤ እሷም ጎትታ ጠረጴዛ ላይ እንድታወጣው ተጠየቀች። ንቅንቅ አላለም። አንድ ጠንካራ ሰው ረዳት፤ አሁንም አልሆነም። ሳቁ ጠፋ። የሸራ መስቀያውን ገመድ ሰውየው ከለበሰው ተንሳፋፊ ጃኬት ማንሻ ማንገቻ ጋር አያይዞ በዊንች (በገመድ መጠቅለያው መዘውር) መጎተት ሌላ ጉልበት የሌለው ሰው መፍትሔ ነው። ከተቻለም ከጉልበቱ በታች ሁለተኛ ገመድ አግብቶ አግድም ማውጣት ይሻላል። ውሃው ገላውን ጨምቆ የያዘው ሰው ቀጥ ብሎ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚለቀው ደሙ ወደ እግሩ ይወርዳል፤ ልቡም ሊከዳው ይችላል።

ከስብሰባው በኋላ አንድ የኮሚቴ አባል ቅሬታ አቀረቡ። ሰዉ የመጣው ሊዝናናና ሊያልም ነው፤ ለምን አስፈራራነው አሉ። ሐሳባቸውን አከብራለሁ፤ በዚህ ግን አልተስማማሁም። ያን ምሽት ሰው እንደ ወትሮው ቶሎ አልተበተነም። የማይተዋወቁ ጥንዶች አንድ ጠረጴዛ ከበው ስለ ገመድና ስለ ዊንች ሲከራከሩ፣ ስልክ ሲለዋወጡ አይቻለሁ። በማኅበሩ ውስጥ የዚያን ያህል ሞቅ ያለ ጨዋታ ሰምቼ አላውቅም።

በኋላም ወሬው ይደርሰኝ ጀመር። አንዱ ጥንድ ጀልባቸው ላይ ሲሞክሩት የገመዱ ጫፍ ውሃው ድረስ እንደማይደርስ አዩ። ሌሎቹ በጎን ያለው የሽቦ አጥር በብሎን ስለታሰረ በችግር ጊዜ እንደማይከፈት ተረዱና በቢላ በሚቆረጥ ገመድ ቀየሩት። አንዲት ሴት የሜይዴይ ጥሪውን በካርድ ጽፋ ሬዲዮው አጠገብ ለጠፈች፤ አሁን ካርዱን አባዝተን ለሁሉም እንሰጣለን።

የምሽቶቹን አደረጃጀት ቀየርነው። ጨዋታው ከንግግሩ በኋላ መሆኑ ቀርቶ መሐል ላይ ገባ፤ በዚያ ሰዓት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እየዞርኩ በሰው ፊት ሊጠየቅ የተፈራውን ጥያቄ እሰበስባለሁ። የግብዣ ደብዳቤውም በጀልባው ባለቤት ስም ብቻ አይወጣም፤ አብሮ የሚጓዘው ሰው ስም ተጽፎ ለብቻው ይላካል። ተናጋሪዎችንም ከወዲሁ እንነግራቸዋለን፤ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የአድማጩ ነው፣ ፎቶግራፍ አይታይም፣ ገመድ ይዘው ይምጡ። አንድ ስመ ጥር ተጓዥ በዚህ አልስማማም ብለው ቀሩ። በምትካቸው ያችኑ ሴት ጋበዝናት፤ ባለቤቷን ጠርታ ወለሉ ላይ አስተኛችውና ሥራዋን ጀመረች።